ሙሽራ ለምትኩል ልጅ የሙያ ወረቀት ያስፈልጋታልን?

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

እኔ በምዕራብ ጎጃም በቡሬ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገልሁ፥ ጋዜጣዎንም ዘወትር የማነብ ሰው ነኝ። ይህችን አስተያየቴን ከአንባቢያን ደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ቦታ ሰጥተው እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ማዳበሪያ፥ ስለ መንገድና ስለ ኑሮ ውድነት መጻፍ ሲገባኝ ስለ ኩልና ስለ ከንፈር ቀለም ብዕር ማንሣቴ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼን ፈገግ ሊያሰኛቸው ይችላል። ይሣቁ፤ አልከፋም። ዳሩ ግን ነገሩ በአንዲት ልጅ እንጀራ ላይና በብዙ ልጆች ዐይን ላይ የደረሰ ስለ ሆነ፥ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ ከእኔ ዘንድ ተቀምጣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነችው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ተማሪዎች ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም በሐዘን ሰምተናል። ልጃችን ከቀሩት ከ96ቱ ወገን ሆነች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፥ በከተማችን ካሉት የሴቶች ጠጕር ቤቶች በአንደኛው በረዳትነት ገባች። ውሃ ስታሞቅ፥ ጠጕር ስታጥብ፥ ማታ ደግሞ በስልኳ የባለሙያዎችን እጅ እያየች በገዛ ፊቷና በታናናሾቿ ፊት ላይ ስትለማመድ ዓመት ከመንፈቅ ቈየች። እኛ ልጆች ሳለን ኩልና ቅባት የምንለውን ዛሬ በጠቅላላው ሜካፕ ይሉታል። እጇ እያደር ተፈታ፤ ሙሽሮችም ይፈልጓት ጀመር።

ቡሬም የዛሬ ዐሥር ዓመት የነበረችው ቡሬ አይደለችም። የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ትልቁ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቁ ወዲህ በከተማዋ ደመወዝተኛ ወጣት በዝቷል፤ በሠርግ ወራት ሙሽራ ብቻ ሳትሆን ሚዜውም፥ እኅቱም፥ አንዳንድ ጊዜም እናትየዋ ሳይቀሩ ሳሎን ይሰለፋሉ። ስለዚህ ልጅቱ አንዲት ክፍል ተከራይታ የራሷን ሥራ ለመጀመር ቈርጣ ተነሣች። ለንግድ ፈቃድ ብትሄድ ግን፥ «የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አምጪ» ተባለች። ወረቀት የላትም፤ የተማረችበት ትምህርት ቤትም የለም። ተመልሳ መጥታ፥ «ጋሼ፥ እጄን ሳያዩ ወረቀቴን ጠየቁኝ» አለችኝ።

በዚያ ቀን ማታ ለጋዜጣ የሚሆን ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዛሬው የተለየ፥ ቍጣ የበዛበት ደብዳቤ ነው። ሐሳቡም ይህን የመሰለ ነበር፤ እናቶቻችንን ማን መዘናቸው? የእንሶስላን ሥር ፍቀው፥ ወቅጠው፥ በእጅና በእግር ላይ በቅጠል አስረው ሲያሳድሩ ጧት ያ የሚያምር ቀለም ወጥቶ የሚገኘው በየትኛው ደረጃ ምስክር ወረቀት ነው? ሹሩባ ሠሪዋ ከግንባር እስከ ማጅራት የጠጕሩን መሥመር እንደ ክር ቀጥ አድርጋ የምታወርደው በማን ፈቃድ ነው? አንገትና ድድ የሚነቅሱት ሴቶችስ ዲፕሎማ ነበራቸውን? ሙያው ከአያት ወደ እናት፥ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ በመስኮት በኩል ወረቀት መጠየቅ ድኻን ከእንጀራው ማራቅ ነው ብዬ ነበር የጻፍሁት። ያንን ደብዳቤ ሳልልከው መቅረቴን እንደ ዕድል እቈጥረዋለሁ። ምክንያቱም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የተከሰተው ነገር አፌን ያዘው።

በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ የጐረቤታችን ልጅ ተዳረች። ልጃችን ሙሽራዪቱንና ስድስቱን ሚዜዎች ለማስዋብ በሌሊት ተነሥታ ሄደች። ሥራዋን ላየው ሰው እጅግ ያማረ ነበር፤ እኔም በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፥ የእኔ ልጅ ሥራ ነው እያልሁ ለአጠገቤ ሰው ስነግር ዋልሁ። ከሚዜዎቹ አንደኛዋ ግን ከጧት ጀምሮ ዐይኗ ቀላ ብሎ ያለቅስ ነበር። «አቧራ ነው» አለች፤ ልጃችንም አመነቻት። በአንዱ የኩል እንጨት፥ በአንዱ የሽፋሽፍት ብሩሽ ስድስቱንም በተራ ኳለቻቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ከሚዜዎቹ አራቱ ዐይናቸው አብጦ፥ ፈሳሽ አጣብቆት፥ ጧት በሞቀ ውሃ ካልታጠበ የማይገለጥ ሆነ። የዐይን ማዝ ነው። ሙሽራዪቱ የተረፈችው ከሁሉ አስቀድማ ስለ ተኳለች ብቻ ነው። በመልስ ቀን ሚዜዎቹ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ድረስ ስበው ተቀምጠው ሳይ፥ «ልኩል ብላ ዐይን አጠፋች» የሚለው የአባቶች ተረት በገዛ ቤቴ የተተረተ መሰለኝ።

ደግነቱ ሁሉም ድነዋል። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ወይዘሮ ዘመዳችን ግን ልጅቱን አስጠርታ ስትጠይቃት እኔም ነበርሁ። ብሩሹን በምን ታጥቢዋለሽ? በየስንት ጊዜው? ዐይኗ የቀላ ሴት ብትመጣ ምን ታደርጊያለሽ? የተከፈተ የዐይን ቀለም ስንት ወር ይቈያል? ልጃችን ለአንዱም በቂ መልስ አልነበራትም። ቀለም ከቀለም ማስማማቱን፥ ጉንጭን ማጉላቱን፥ አፍንጫን ቀጭን ማስመሰሉን ከስልኳ ተምራለች፤ እጅ መታጠብን ግን ማንም አላሳያትም፤ ለማየትም የሚያጓጓ ነገር አይደለማ። ወይዘሮዋም፥ «ይህ የሆነው በሌላ አገር ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ በእኛ አገር ግን ዐይን ከዐይን ሲነካካ ቀላል አይደለም» አለች። እውነቷን ነው። የአማራ ክልል በትራኮማ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ እንደ ሆነ፥ ለዚሁም በየቀበሌው ሕዝቡ በጅምላ መድኃኒት ሲታደል እንደ ኖረ የምናውቀው ነው። ትራኮማ ከታመመ ዐይን በሚወጣ ፈሳሽ፥ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ሲደጋገምም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ እያጠፈ ብሌኑን እስኪያሳውር ይፍቀዋል። ከአንዲት ሴት ዐይን ወደ ሌላዪቱ የሚዘዋወር የኩል እንጨት ከእጅና ከጨርቅ በምን ይሻላል?

እንግዲህ አንባቢ፥ «ስለዚህ ወረቀት ይጠየቅ ማለትህ ነው» ሊለኝ ይችላል። ቈይ ይታገሠኝ፤ ሌላም ነገር አይቻለሁ።

ከዚህ ቀደም የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ለእኅቷ ሠርግ በአንድ ሌላ ከተማ ባለ የውበት ሳሎን እጇን ጥቁር ሂና ተቀባች። የዚያ ቤት ባለቤት የምስክር ወረቀት በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደ ነበር ልጅቱ ራሷ ነግራኛለች። ሆኖም በጥቂት ቀን ውስጥ አበባው የተሣለበት ቆዳ በአበባው መሥመር ልክ ውሃ ቋጥሮ ተነሣ፤ ጠባሳውም ለብዙ ወራት አልለቀቃትም። የሂና ቅጠል ብቻውን ቡናማ ቀይ እንጂ ጥቁር አይሆንም። ቶሎ እንዲጠቁርና ቶሎ እንዲደርቅ የጠጕር ማቅለሚያ ይቀላቅሉበታል፤ በማቅለሚያውም ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ኬሚካል አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ ኬሚካል ለጠጕር እስከ 2 በመቶ ሲፈቀድ፥ በቆዳ ላይ መቀባቱ ግን ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ያቃጠለው ሰው ደግሞ ወደ ፊት ጠጕሩን ሲያቀልም እንኳ ሊያሠቃየው ይችላል። በጠጕር ማቅለሚያው ማሸጊያ ላይ ከ48 ሰዓት በፊት በክንድ ወይም ከጆሮ ኋላ ጥቂት ቀብታችሁ ሞክሩ የሚል ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ይታተማል፤ ግን በባዕድ ቋንቋና በደቃቅ ፊደል ስለ ሆነ ማን ያነበዋል? ባለ ወረቀቷም አላነበበችውም።

ከዚህ በኋላ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። ወረቀት የሌላት የእኔ ልጅ ዐይን አሳመመች፤ ወረቀት ያላት ደግሞ እጅ አቃጠለች። ስለዚህ «ወረቀት ይኑር ወይስ አይኑር» ብለን የምንከራከረው በተሳሳተ ቦታ ላይ ቆመን ይመስለኛል። ቅንድብ አጣሞ የሣለ ሰው ያመጣው ጉዳት ቢኖር አንድ ፎቶግራፍ ማበላሸት ነው፤ ደንበኛዋ ታጥባዋለች፥ ሁለተኛም አትመለስም። እዚያ ላይ መንግሥት ምን ቤት ነው? የውበትን ጥበብ ገበያው ይመዝነዋል። የዐይን ፈሳሽንና የኬሚካልን ጉዳት ግን ገበያ አይመዝነውም፤ ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ሠርጉ አልፏል፥ ገንዘቡም ተከፍሏል፥ ማን ምን እንዳደረገም ለማስረዳት አይቻልም። መጠየቅ ያለበት ይኸኛው ብቻ ነው።

ሹሩባ ለምትሠራው ሴት፥ እንሶስላ ለምታስረው ባልቴት ምንም ወረቀት መጠየቅ አይገባም እላለሁ። በዚህ ረገድ ከሰለጠኑት አገሮች ስሕተት እንማር። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ክፍለ ግዛት አይሲስ ብራንትሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት፥ ከቤተሰቧ በወረሰችው ሙያ ጠጕር ስትጐነጉን ፈቃድ የለሽም ተብላ በ1997 እ.ኤ.አ. ታሠረች። የሚጠየቀው ፈቃድ ስለ ማቅለሚያና ስለ መተኰሻ ረጅም ትምህርት የሚያስፈልገው የጠጕር ባለሙያ ፈቃድ ነበር፤ እርሷ ግን በኬሚካል የሚሠራ ሥራ የላትም። ዓመታት ተከራክራ በ2015 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱም ፈረደላት፥ ክፍለ ግዛቱም ለጐንጓኞች ፈቃድ መጠየቁን በሕግ አስቀረ። በኒው ዮርክ ደግሞ የውበት ሙያ ፈቃድ ለማግኘት 1,000 ሰዓት መማር ግድ ነው። ይህን ያህል ሰዓት በቡሬ ብንጠይቅ የሚማረው ገንዘብ ያለው ብቻ ይሆናል፤ የቀሩት በየጓዳው ተደብቀው ይሠራሉ፤ በጓዳ የሚሠራን ሰው ደግሞ የጤና ተቈጣጣሪ አያገኘውም። እንግሊዞች በበኩላቸው በ1964 እ.ኤ.አ. የጠጕር ሠሪዎችን መዝገብ በሕግ ሲያቋቁሙ መመዝገቡን ለየሰው ፈቃድ ተዉት። እኔ ከሁለቱም መካከል ያለውን መንገድ እመርጣለሁ።

ስለ ዐይንና ስለ ቆዳ ግን ለዘብ ማለት አይገባም። በብዙ አገር ገበያ በተመረመረው የድንጋይ ኩል ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን በብዛት ተገኝቷል፤ ይህም በተለይ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። ቆዳ ያነጣል እየተባለ በየሱቁ ከሚቸረቸረው ቅባት አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ኩላሊት ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበትን የመዋቢያ ቅባት ከሚያግዱት ዓለም አቀፍ ውሎች አንዱ ነው። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን በቍጥጥሩ ሥር አስገብቷል። እንግዲህ ሕጉ ካለ፥ ዕቃውን በእጇ ይዛ በሰው ፊት ላይ የምትቀባው ሴት ምን መሆኑን እንድታውቅ ማድረግ እንዴት ከአቅማችን በላይ ይሆናል?

የሙያ ብቃት ምዘናው ራሱም ክፉ ነገር አይደለም፤ በቍጣዬ ጊዜ ሳላጣራ ነበር የጻፍሁት። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቍጥር 954/2008ን የያዘው ሥርዓት ሙያን በየደረጃው ይከፍለዋል፤ ዋናው አሳቡም ሰውየው ሙያውን የት ተማረ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤት የተማረም ሆነ በሥራ ላይ በልምድ ያገኘው እኩል ቀርቦ ይመዘናል። ይህ እጅግ መልካም ነገር ነው፤ ለእኅቴ ልጅ በሩ አልተዘጋባትም ማለት ነው። ነገር ግን ይህን በመስኮቱ በኩል ማንም አልነገራትም። «ወረቀት አምጪ» ማለትና «በልምድ ያወቅሽውን ሄደሽ ተመዘኚበት፥ ቦታው እዚህ ነው፥ ክፍያው ይህን ያህል ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔም ከመስኮት ወዲያ ተቀምጬ የምሠራ ሰው ስለ ሆንሁ በዚህ ነገር ራሴን ጭምር እወቅሳለሁ። እኛ የቢሮ ሰዎች ማኅተም ካላየን እጃችን አይፈታም፤ ባለ ጉዳዩ ማኅተሙን ከየት እንደሚያገኘው ግን ለመንገር አፋችን ይከብዳል።

ሌላው ችግር መንገዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ከደረሰው ግጭት የተነሣ፥ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፥ አንዲት ወጣት ሴት ለአንድ ቀን ምዘና ብላ ወደ ሩቅ ከተማ እንድትሄድ ማድረግ ለወላጅ የሚያስጨንቅ ነው። ትራንስፖርቱ፥ ማደሪያውና የምዘናው ክፍያ ሲደመር ደግሞ ለጀማሪ የብሩሽና የቀለም መግዣዋን ይበላባታል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አስልቼዋለሁ፤ አሳዛኝ ድምር ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ስነግረው፥ «ወዳጄ፥ ወረቀት ከተጠየቀ ወረቀት ይሸጣል» አለኝ። ላስተባብለው አልደፈርሁም። ለዚህም ነው ፈተናው በጽሑፍ ብቻ እንዳይሆን የምለው። መዛኙ የሚታመም ዐይን ያላትን ሴት ምሳሌ አስቀምጦ፥ «ይህችን ኳያት» ይበላት፤ ልጅቱ ብሩሹን አስቀምጣ «ዛሬ አልኩልሽም እኅቴ፥ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ካለች አለፈች። ደንበኛ እየጠበቀች፥ ገንዘብም እያስፈለጋት «አይሆንም» ማለት ከሁሉ የሚከብደው የሙያው ክፍል እርሱ ነው። እጇን ሳትታጠብ ከጀመረች ደግሞ ቀለሟ ቢያምርም ትውደቅ።

ይህ ልማድ በሕዝቡ ዘንድ ሊገባ አይችልም የሚለኝ ካለ፥ የምላጩን ነገር ላስታውሰው። በልጅነቴ በአንድ ምላጭ ስንቱ ሰው ይላጭ ነበር! ኤች አይ ቪ ከገባ በኋላ በየትምህርት ቤቱ፥ በየዕድሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነገር፥ ገበሬው ሳይቀር አዲስ ምላጭ ካልተከፈተልኝ ማለትን ለመደ። ድድ መነቀሱም በዚሁ ምክንያት እየቀረ ሄደ። ሰው ምክንያቱ ከተነገረው ይሰማል። የኩል እንጨትን ነገር ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። አያቴ የራሷ የኩል ብልቃጥ ነበራት፤ ለልጆቿም እንኳ አታውሰውም ነበር። እኛ ንፍገት ይመስለን ነበር።

ስለዚህ የክልላችን የሥራና ሥልጠና፥ የጤናና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ተነጋግረው፥ በየከተማው ባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም በጤና ጣቢያ አዳራሽ፥ ለኳዮችና ለጠጕር ቀላሚዎች የጥቂት ቀናት የንጽሕናና የኬሚካል ትምህርት ቢሰጡ፥ መዛኙም ልጆቹን ወደ ሩቅ ከተማ ከሚጠራ በዓመት ሁለት ጊዜ ራሱ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ቢመጣ መልካም ነው እላለሁ። አንደኛው ጊዜ ከጥር ሠርግ በፊት፥ ሁለተኛው ከፋሲካ በፊት ይሁን። ለዚህም አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም፤ አንድ የጤና ባለሙያ፥ አንድ የሙያው ሰው፥ አንድ ገበታ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ይህን የፈጸመችው የንግድ ፈቃዷን ታግኝ፤ ከፍተኛውን ደረጃ ለመማር የምትፈልግም በጊዜዋና በገንዘቧ ትቀጥል።

ልጃችን አራቱን ሚዜዎች በየቤታቸው ዞራ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ለመድኃኒት የከፈሉትንም መልሳለች። ከጤና ጣቢያዋ ወይዘሮ ጋር ሦስት ቅዳሜ ተቀምጣ ተምራለች። አሁን ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራበት የኩል እንጨት ትይዛለች፤ ብሩሾቿንም በሳሙና አጥባ በየጧቱ በግቢያችን ገመድ ላይ ትሰቅላቸዋለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ዐይኗ ቀልቶ ብትመጣ መለሰቻት፤ ሴትዮዋም ተቈጥታ ወደ ሌላ ሳሎን ሄደች። ፈቃዱን እስካሁን አላገኘችም። መዛኝ ወደ ከተማችን የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካለ፥ በዚሁ ጋዜጣ ቢነግረን እኔም ልጅቱም እጅግ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከቡሬ